የኖራ ድንጋይ ምንድን ነው?

«የፋሲል ግንብ የተሠራበት የኖራ ድንጋይ ለሳሎኔም ይሁንልኝ።» ይቺን ነገር ሰሞኑን ሳነብ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ወንድሜ፣ ጎንደር ተቀምጠህ? ግንቡ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልት፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ። ኖራው ያለው በድንጋዮቹ መሀል ነው፣ ማያያዣው። እሱም የኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ የሚገኝ ነገር እንጂ ድንጋዩ ራሱ አይደለም።

የኖራ ድንጋይ የባሕር ልጅ ነው። ደጀንን አልፈህ ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርድ የምታየው የኖራ ድንጋይ ገደል ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። ቅርፊትና ደለል ተደራርቦ ጠጠረ።

ይኸው ሰው ቀጥሎ «ንጣፉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ሁለተኛ ደረጃ ነው» ይላል። ያናደደኝ ይሄ ነው። እንጀራ ዓይኑ ከትናንቱ ስላልገጠመ ትመልሳለህ? ከአንድ ቡሃቃ ወጥቶ እንኳ አንዱ ጠርዙ ይሳሳል፣ አንዱ ዓይኑ ይበዛል። ሠርገኛ ጤፍ እንዳለ ሁሉ ድንጋዩም ብረት ሲገባበት ወደ ቢጫና ቀይ ይሄዳል፤ የበሰበሰ ሕይወት ሲቀላቀልበት ይጠቁራል። ነጩ መስመር፣ ጅማቱ፣ ስንጥቁ ኋላ በካልሳይት፣ በራሱ በኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን፣ ሲሞላ የመጣ ነው። ስንጥቅና ጅማት ግን አይምታታብህ፤ ጥፍርህ ከያዘ ስንጥቅ ነው፣ እሱን መልስ።

እንጀራ ከሎሚ ጋር ጠብ የለውም፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይከዳኛል። አንድ ወጥ ቤት በኖራ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ግማሽ ሎሚ ተቆርጦ አድሮ አየሁ። ጠዋት ሲነሳ ልክ የሎሚውን አፍ የሚያህል ደብዛዛ ክብ ቀርቷል። የቤቱ እመቤት በኦሞ ብትፈትገው፣ ብትፈትገው! እድፍ አይደለማ፤ አሲዱ ድንጋዩን በልቶታል። እንደገና ካልተወለወለ አይመለስም። «ቅባት ተቀብቷል» የሚልህ ነጋዴም አያታልልህ፤ ቅባቱ ዘይትና ቡና ቶሎ እንዳይሰርግ ያግዛል፣ ሎሚን አያስቆምም። እብነ በረድም ያው ነው፤ የኖራ ድንጋይ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ ነው እብነ በረድ የሚሆነው።

ስትገዛ አንድ ናሙና አይተህ አትወስን። ከሦስት አራት ካርቶን እያወጣህ መሬት ላይ ደርድር፣ አቀላቅል፣ ከዚያ ይለጠፍ። እኔ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የወጣባትን ንጣፍ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ነው የማስለጥፋት።