ሃይፐርፎከስ ምንድን ነው?

እማዬ ታናሽ ወንድሜን ለምሳ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ግዛ ብላ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ላከችው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር። የተመለሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ዓሣ የለም። እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ በግሪስ ሆኗል። ሐይቁ ዳር አንዱ ባለ ጀልባ ሞተሩ አልነሳ ብሎት ሲታገል አየና «እስቲ ልየው» ብሎ ገባበት። ፈታው፣ አጸዳው፣ መልሶ ገጠመው። ሞተሩ ተነሳ። ምሳ እንዳልበላ ትዝ ያለው እማዬን በር ላይ ቆማ ሲያያት ነው።

«ቆሮሶውስ?»

«የቱ ቆሮሶ?»

እኛ ቤት ይሄ ልጅ «ቀልብ የለሽ» ነው የሚባለው። ደብተሩን ረስቶ ይሄዳል፣ ጃኬቱን ረስቶ ይመጣል። መምህር ሲያስረዳ እሱ መስኮቱን ያያል። ታዲያ ቀልብ የሌለው ልጅ ይህን ሁሉ ሰዓት አንድ ሞተር ላይ ቀልቡን የጣለው ከየት አምጥቶ ነው?

ነገሩ ሃይፐርፎከስ ይባላል። ሰው በማረከው ነገር ውስጥ ጥልቅ ብሎ ሰዓቱን፣ ረሃቡን፣ ስሙን የሚጠራውን ሰው ሳይቀር ሲረሳ ማለት ነው። አልፎ አልፎ ማንም ላይ ይደርሳል። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሰዎች ግን ደጋግመው ያነሱታል። ኤዲኤችዲ በአማርኛ ብዙውን ጊዜ «የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር» እየተባለ ይተረጎማል። የእንግሊዝኛው ስም እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ «ማነስ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ሐዋሳ የባጃጅ ከተማ ናትና በባጃጅ ልንገራችሁ፤ ነዳጁ ሞልቷል፣ እምቢ ያለው መሪው ነው።

ለምን? አንዱ መልስ ዶፓሚን ላይ ነው። ዶፓሚን አእምሮ ውስጥ ያለ መልእክተኛ ነው፤ «ይሄ ነገር ያዋጣል፣ ቀጥልበት» የሚለውን ስሜት ያግዛል። ኤዲኤችዲ ባለበት ሰው ላይ የዚህ መልእክተኛ አሠራር ለየት እንደሚል ይታሰባል። ስለዚህ አንድ ነገር «አስፈላጊ ነው» መባሉ ብቻ አያንቀሳቅሰውም። አዲስ ነገር፣ ፈታኝ ነገር፣ ወይም «አሁኑኑ ካልሆነ» የሚባል ነገር ግን ጎትቶ ይወስደዋል። የቤት ሥራ አስፈላጊ ነው። የተበላሸ ሞተር ደግሞ እንቆቅልሽ ነው።

ወላጆች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። «ጌም ላይ ሲሆን እኮ ንቅንቅ አይልም፤ የትምህርቱ ስንፍና ነው» ይላሉ። እኛም ስንል ኖረናል። ጌም ላይ ንቅንቅ አለማለቱ ግን ኤዲኤችዲ የለበትም ማለት አይደለም።

ወደ መልካሙ ጎን ልምጣ። ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ኤዲኤችዲ እንዳለበት የታወቀው በ9 ዓመቱ ነው። በኋላ 23 የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ወርቁን ኤዲኤችዲ አመጣለት አልልም፤ ገንዳ ውስጥ ስንት ሺህ ሰዓት እንደዋኘ እሱ ነው የሚያውቀው። እኔን የበለጠ የገረመኝ ከጎረቤታችን ከኬንያ የተሰማው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ሰሜን ኬንያ ውስጥ አሪያል የሚባሉ አርብቶ አደሮችን ተመለከተ። ከዶፓሚን ጋር የሚያያዝ፣ በኤዲኤችዲም ስሙ የሚነሳ አንድ የዘረመል ዓይነት አለ። ይህ ዘረመል ያላቸው ወንዶች ከብት ተከትለው ከሚዞሩት መካከል ሲሆኑ ሰውነታቸው ከሌሎቹ የተሻለ ነበር። መንደር መሥርተው ከተቀመጡት መካከል ሲሆኑ ግን የከሱት እነሱ ነበሩ። አንድ ጥናት፣ አንድ ዘረመል ነው፤ ብዙ አልጭንበትም። ግን ወንድሜን ባየሁት ቁጥር ትዝ ይለኛል። ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ሌላ ልጅ ነው፣ ሐይቁ ዳር ሌላ።

ሃይፐርፎከስ ደግሞ ሁልጊዜ ሞተር አይመርጥም። ቲክቶክም ሊመርጥ ይችላል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ። ውስጡ ያለ ሰው ሲጠሩት የማይሰማው ንቆ አይደለም፣ ግን ጠሪውን ያናድዳል። ሐኪሞች ኤዲኤችዲን የሚለዩበት መመሪያም ሃይፐርፎከስን እንደ ምልክት አይቆጥረውም። እነሱ የሚያዩት መዘንጋቱን፣ መቅበጥበጡን፣ ችኩልነቱን ነው። ሰውየው 12 ዓመት ሳይሞላው መጀመሩንና ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱን ይጠይቃሉ። ኑሮው እየተመሰቃቀለ ያለ ሰው ስለዚህ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። መድኃኒትም ምክርም አለ።

እኛ ቤት አሁን ዓሣ ለመግዛት የምላከው እኔ ነኝ። እሱን ባለ ጀልባዎቹ ናቸው የሚጠሩት። እማዬ አንድ ደንብ አውጥታለች፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አላርም ይሞላል፣ ስልኩን ደግሞ አርቆ ያስቀምጣል። ለማጥፋት ከተቀመጠበት መነሳት አለበት። አንዴ ከተነሳ ይነቃል።

ባለፈው ቅዳሜ አላርሙ ሲጮህ ሁለት ጊዜ እያጠፋ ተመልሶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ተነሳ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእጅህ ዋጋ ብለው የሰጡትን አራት ቆሮሶ አንጠልጥሎ መጣ። ምሳ አልፎ ነበር። ለራት ጠበስነው።