አብስትራክት ክላስ ምንድን ነው? የተደጋገመ ኮድ ማከማቻ አይደለም

በፕሮግራም ቋንቋ ክላስ ማለት ኦብጀክቶች የሚሠሩበት ንድፍ ነው። «ሁለት ክላስ ውስጥ ተመሳሳይ ኮድ ካየህ አብስትራክት ክላስ ሠርተህ ወደዚያ አውጣው» የሚለው ምክር እስከዛሬ አልቆመም። መካሪው ቅን ነው፤ ምክሩ ግን ስህተት ነው። ድግግሞሽን ለማስቀረት ተራ ፈንክሽን ይበቃል። አብስትራክት ክላስ ቃል ኪዳን ነው፦ ከእኔ የወረሰ ክላስ (ልጄ) ሁሉ እነዚህን ሥራዎች ይሠራል፤ ጠሪው ኮድም ማንነቱን ሳይጠይቅ ያዘዋል።

አዳማ ላይ ባጃጅ፣ ሚኒባስና የፈረስ ጋሪ ሰው ያመላልሳሉ። «መጓጓዣ» የሚባል ነገር ግን ለብቻው መንገድ ላይ አይታይም፤ ከአብስትራክት ክላስ ኦብጀክት የማይፈጠረውም ለዚሁ ነው። ተራ አስከባሪው የሚያዘው ሦስት ነገር ነው፦ አሳፍር፣ ሂድ፣ አውርድ። አብስትራክት ሜተዶቹ፣ ማለትም አብስትራክት ክላሱ (መሠረቱ) ስማቸውን ጠርቶ አሠራራቸውን ለልጆቹ የሚተዋቸው ሥራዎች፣ እነዚህ ብቻ ይሁኑ። መካሪያችን ግን ባጃጁም ሚኒባሱም ነዳጅ ይቀዳሉ ብሎ «ነዳጅ ቅዳ»ን ወደ መጓጓዣ ያወጣዋል። ጋሪው ሲመጣስ? ወይ ሜተዱን ባዶ ይተወዋል፣ ወይ ስህተት እንዲያወጣ ያደርገዋል። ባዶው ይብሳል፤ ጠሪው ተቀድቷል ብሎ አምኖ ሥራውን ይቀጥላልና። መፍትሔው ነዳጁን ከመሠረቱ ማውጣት ነው፦ «ታንከር» የሚባል ራሱን የቻለ ክላስ ሠርቶ ባጃጁና ሚኒባሱ ውስጥ ማስቀመጥ። ፈረሱ መቼ ውኃ እንደሚጠጣም የጋሪው የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ተራ አስከባሪውን አይመለከተውም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት እውነተኛ ልጆች ሳይኖሩ መሠረቱን አትጻፉ። ከአንድ ልጅ የተቀዳ መሠረት የዚያን ልጅ ጠባይ ይዞ ይቀራል።

ፓይተን ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ክላሱ ከኤቢሲ (ABC፣ ፓይተን ለአብስትራክት ክላስ ካዘጋጀው መሠረት) ካልወረሰ ሜተዱ ላይ የተለጠፈው «አብስትራክትሜተድ» የሚል ምልክት ብቻውን ምንም አያግድም። ከወረሰ ደግሞ የጎደለው ሜተድ የሚታወቀው ኦብጀክት ሲፈጠር ነው፤ ክላሱ ሲጻፍ አይደለም። የሚፈተሸውም ስሙ ብቻ ነው። አባትየው ሁለት ፓራሜትር ጠይቆ ልጁ አንድ ቢቀበል በዝምታ ያልፋል፤ ይህን የሚይዘው እንደ ማይፓይ ያለ የታይፕ መፈተሻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የመሠረቱ ኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሮጠው ኮድ) ውስጥ አብስትራክት ሜተድ መጥራት ነው። ጃቫ ላይ የአባት ኮንስትራክተር ከልጁ ፊልዶች (ውስጡ የሚይዛቸው ዋጋዎች) መሞላት በፊት ስለሚሮጥ፣ የልጁ ሜተድ ሲጠራ እነሱ ውስጥ የሚያገኘው ነል (ባዶ) ወይም ዜሮ ነው። ፈረሱ ሳይጠመድ ጋሪውን «ሂድ» እንደ ማለት ነው። ኦብጀክቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጠራ «ጀምር» የሚል የተለየ ሜተድ አስቀምጡለት።