ሰርኩሌተር ፓምፕ ምንድን ነው? ለምንስ ደጋግሞ ይበላሻል?

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ቤቶች ክረምቱን የሚያልፉት በሙቅ ውኃ ነው። ቦይለሩ ውኃውን ያሞቃል፤ ሰርኩሌተር ፓምፑ ደግሞ በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች ሰዶ ይመልሰዋል። ፓምፕ ይባል እንጂ ውኃ ሽቅብ የማንሳት ጣጣ የለበትም። መስመሩ ዝግ ዙር ስለሆነ የሚወጣውን ውኃ የሚወርደው ያመዛዝነዋል፤ የፓምፑ ድርሻ የቧንቧውን ሰበቃ ማሸነፍ ብቻ ነው። ከ100 ዋት በታች የሚወስድ ሞተር ሙሉ ቤት የሚያዳርሰው ለዚህ ነው።

ሥራው ይህን ያህል ቀላል ስለሆነ ከ10 ዓመት በላይ ቢያገለግል አይገርምም። በሁለት ክረምት ሁለት ፓምፕ ከተቀየረ ግን ሦስተኛውን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ፓምፑ ላይ ሳይሆን ውኃው ላይ ነው።

ዛሬ በየቤቱ የሚገጠመው ዓይነት ዘይት አይጠጣም። ዘንጉ የሚሽከረከረው ውኃው ውስጥ ነው፤ ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰውም ያው ውኃ ነው። አየር ከገባ ኩሽኔታው ይደርቃል፤ ዝቃጭ ከገባ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ዘንጉ ሁልጊዜ አግድም መሆን ያለበትም ለዚህ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ አየር ላይኛው ጫፍ ላይ ይጠራቀማል።

ብዙ ጊዜ የነገሩ ሥር ማስፋፊያ ታንኩ ነው። ታንኩ ውስጥ በጎማ የተለየ አየር አለ፤ ውኃው ሲሞቅና ሲሰፋ ቦታ የሚሰጠው እሱ ነው። ጎማው ከተቀደደ ውኃው በሞቀ ቁጥር ግፊቱ እስከ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ይወጣና የደኅንነት ቫልቩ ያንጠባጥባል። ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፤ አውቶማቲክ መሙያውም ማንንም ሳይጠይቅ አዲስ ውኃ ያስገባል። አዲስ ውኃ ኦክስጅን ይዞ ይመጣል፣ ኦክስጅኑ ብረቱን ያዝጋል፣ ዝገቱም ጥቁርና ማግኔት የሚስበው ዱቄት ይሆናል። ኃይል ቆጣቢዎቹ አዳዲስ ፓምፖች ውስጣቸው ቋሚ ማግኔት ስላለ ይህን ዱቄት ለቅመው ይይዙታል፤ ስለዚህ ከአሮጌዎቹ ይልቅ ይጎዳቸዋል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ቦይለሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የታንኩን የአየር ቫልቭ፣ የመኪና ጎማ እንደሚያስተነፍሱ፣ ጫን ያድርጉት። ውኃ ከወጣ ጎማው ተቀድዷልና ታንኩ ይቀየር። አየር ከወጣ ታንኩን ከመስመሩ ለይተው፣ ውኃውን አፍስሰው በመኪና ጎማ የአየር መለኪያ ይለኩ፤ ለባለሁለት ፎቅ ቤት የተለመደው 12 ፒኤስአይ ነው። ውኃው ሳይፈስ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ የሚያሳየው የመስመሩን ግፊት ነው። ቀጥሎ ከመስመሩ ጥቂት ውኃ በብርጭቆ ይቅዱና ማግኔት ያስጠጉ። ጥቁሩ ነገር ከተሳበ መስመሩ ታጥቦ ማግኔት ያለው ማጣሪያ ይገጠምለት። ታንኩ ደህና ሆኖ ግፊቱ አሁንም እየወረደ መሙያው የሚሠራ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ እሱ ሳይደፈን የትኛውም ፓምፕ አይከርምም።

የፓምፑ ቦታም ይታይ። ታንኩ የተገናኘበት ነጥብ ላይ ፓምፑ ተነሣ አልተነሣ ግፊቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ፓምፑ ውኃውን ከዚያ ነጥብ እየራቀ መግፋት አለበት። ወደ ታንኩ የሚገፋ ከሆነ የሚፈጥረው ግፊት ውኃ በሚስብበት በኩል ቅናሽ ሆኖ ይመጣል። ከታች 12 ፒኤስአይ ሲሆን 20 ጫማ ከፍታ ላይ ያለው ራዲያተር የሚደርሰው 3 ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ ሲቀነስ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ከዜሮ ይወርዳል። ያኔ አየር ማስወጫው አየር ማስገቢያ ይሆናል። ብዙ አሮጌ ቦይለሮች ፓምፓቸው ውኃውን ወደ ቦይለሩ በሚመልሰው ቧንቧ ላይ ሆኖ የተሠሩት በዚህ መልክ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የዞን ቫልቮቹን (ወደየቤቱ ክፍል የሚሄደውን ውኃ የሚከፍቱና የሚዘጉትን) ይፈትሹ። ቫልቮቹ ሁሉ ተዘግተው ፓምፑ ብቻውን የሚሽከረከር ከሆነ ውስጡ የቀረውን ውኃ እያፈላ ኩሽኔታውን ያቃጥላል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የተጣበቀ ሪሌይ (ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ወይም የተሳሳተ የሽቦ አሠራር ነው። በበጋ ቆሞ የከረመ ፓምፕ ደግሞ ሲነሣ እያቃሰተ ካልዞረ ገና አልሞተም፤ ዝቃጭ ይዞታል። በበጋ በየወሩ ለጥቂት ደቂቃ ማስነሣት ይበቃዋል።