ከካታንጋ እስከ አራት ኪሎ፦ ኳስ ተጫዋቾችና ፖለቲካ

የአዲስ አበባ ስታዲየምን የለመደ ሰው መቀመጫዎቹን በስማቸው ይጠራል። ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ። ክቡር ትሪቡን የማን እንደሆነ ስሙ ይናገራል። ካታንጋ ደግሞ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ከዘመቱባት የኮንጎ ግዛት ጋር ሞክሼ ነው። ስለ ከማን አንሼ ምንም ማብራራት አያስፈልግም። ትኬቱን ቆርጦ የገባ ሰው ኳሱ ሳይጀመር ፖለቲካው መሃል ቁጭ ብሏል።

ሰፈሩም ያው ነው። ስታዲየሙ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ነው፤ አደባባዩ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት አፍሪካ አዳራሽም እዚያው ቅርብ ነው። ሽቅብ ትንሽ ከተነዳ አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ይመጣል። መንገዱ አጭር ነው። ማሊያ ለብሶ የጀመረ ሰው ግን ብዙም አልረገጠውም።

ሌላው ዓለም ላይ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ብራዚላዊው ፔሌ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1998 የስፖርት ሚኒስትር ነበር። የአገሩ ልጅ ሮማሪዮ በ2010 ፓርላማ ገባ፣ በ2014 ሴናተር ሆነ፤ አገሩ ለዓለም ዋንጫ የምታወጣውን ገንዘብ አጥብቆ ከተቹት አንዱም እሱ ነበር። የሚላኑ ተከላካይ ካኻ ካላድዜ በጆርጂያ ሚኒስትር ከሆነ በኋላ ከ2017 ጀምሮ የትብሊሲ ከንቲባ ነው። ቱርካዊው ሃካን ሹኩር በ2011 በገዢው ፓርቲ ትኬት ፓርላማ ገባ፣ ከፓርቲው ተጣላ፣ መጨረሻው አሜሪካ ሆነ።

ስም ሲጠራ ግን ቀድሞ የሚመጣው ላይቤሪያዊው ጆርጅ ዊሃ ነው። ከሞንሮቪያ ድሃ ሰፈር ተነስቶ ሞናኮ፣ ፓሪስ ሴንት ጀርሜን፣ ኤሲ ሚላን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1995 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርን ወሰደ፤ ከአፍሪካ ሌላ የወሰደ የለም። በ2005 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በመጀመሪያው ዙር መርቶ በሁለተኛው በኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ተሸነፈ። በ2011 ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን ሞክሮ አልሆነለትም። በ2014 ሴናተር ሆነ። ቤተ መንግሥት የገባው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ነው። ብዙ ሰው "ኳስ ተጫዋች ፕሬዚዳንት ሆነ" ብሎ የሚያወራው ይህችን መጨረሻ ብቻ ቆርጦ ነው፤ መሃል ላይ ያሉትን አሥራ ሦስት ዓመታት ይዘላቸዋል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፕሬዚዳንቱ በ51 ዓመቱ ማሊያ ለብሶ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ሜዳ ገብቷል። በ2023 ምርጫ በጠባብ ልዩነት ሲሸነፍ ደግሞ ሽንፈቱን ተቀብሎ ለተፎካካሪው ስልክ ደወለ። ለእኔ ከጎሎቹ ሁሉ ይህቺ ትበልጣለች።

የዊሃ መንገድ እኛ ዘንድ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው። ላይቤሪያ ውስጥ አገሩ በሙሉ አንድ ሰው ይመርጣል፤ ስም ያለው ሰው እዚያ ይጠቀማል። እዚህ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው ፓርላማው ነው፣ ፕሬዚዳንቱንም የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ናቸው። ከ547 የምክር ቤት ወንበሮች የአዲስ አበባ 23 ብቻ ናቸው። ስታዲየሙን ያንቀጠቀጠ አጥቂ ነገ ቢወዳደር ስሙ የሚወጣው በአንድ ምርጫ ክልል ወረቀት ላይ ነው። ካታንጋ ሙሉውን ቢጮህለት ጎረቤት ክፍለ ከተማ ያለ ደጋፊ ድምፅ ሊሰጠው አይችልም። የቀድሞው የማንቸስተር ሲቲ አጥቂ ሚኬይል ካቬላሽቪሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የጆርጂያ ፕሬዚዳንት የሆነው ያለ ሕዝብ ቀጥተኛ ምርጫ ነው። ያን ያደረገለት ግን ጎሉ አይደለም። ቀድሞ በገዢው ፓርቲ በኩል ፓርላማ ገብቶ የሰነበተ ሰው ነበር።

ሌላው ምክንያት ደመወዝ ነው። የፕሪሚየር ሊጉን ክለቦች ስም ብቻ ማንበብ ይበቃል፦ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ መድን፣ የመከላከያው መቻል። ከክልል ሲመጡ ደግሞ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ። "ከተማ" የምትለዋ ቃል በአብዛኛው የከተማ አስተዳደር በጀት ማለት ናት። ተጫዋቹ እንጀራውን የሚበላው ከዚሁ ኪስ ነው። ቀን ልምምድ፣ ማታ የምርጫ ቅስቀሳ የሚል ውል ማን ይፈርምለታል?

ስለዚህ እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል፤ ቤተ መንግሥቱ ነው ወደ ሜዳ የመጣው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ገና አፉን ሳይፈታ ጣሊያን ገባ። ወራሪው ለአበሻና ለነጭ የተለያየ ውድድር አዘጋጀ፣ የጊዮርጊስንም ስም "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" አለው። አስቡት፣ የሮማ ፋሺስት ምልክትና ውቤ በረሃ በአንድ ማሊያ ላይ።

በዚያ ዘመን ለጊዮርጊስ ይጫወቱ ከነበሩት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፤ አባትየው ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ። ለምርጫ አልተወዳደሩም፣ የካቢኔ ሹመትም አልነበራቸውም። ከኢትዮጵያ ኳስ የወጣ ትልቁ ፖለቲከኛ ግን እሳቸው ናቸው ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የኢትዮጵያ ድምፅ እሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ነበረች። ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ይዘሽ ነይ ስትባል እምቢ አለች፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በግብፅ፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ መካከል ብቻ ተደረገ። ይህ ውሳኔ የተወሰደው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከመወለዱ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ኳሱ ዲፕሎማቱን ቀድሞታል። ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ኮንፌዴሬሽኑን መሩ። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያባርር በዚያ ትግል ውስጥ ዋና ሰው ነበሩ። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ይህ ራሱ የቻለ የፖለቲካ ችሎታ ነው።

ከእሳቸው በኋላ ኳስና ምርጫ ፊት ለፊት የተገናኙት በፌዴሬሽን በር በኩል ነው። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በነበሩት በዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ዘመን የተነሳው የአመራር ውዝግብ ፊፋ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያን እስከማገድ አደረሰ። ሁለት ዓመት አልፎ የ2002ቱ ምርጫ መጣ። ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 545 ወንበር ወሰዱ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የመድረክ፣ አንዱ የግል ተወዳዳሪ ነበር። የግሉ ተወዳዳሪ ዶክተር አሸብር ናቸው። ፓርላማ የገቡት ግን ከከፋ ዞን ነው፣ ኳሱም በአስተዳዳሪነት እንጂ በእግር አይደለም። ከስፖርቱ ዓለም ሌላ የሞከረ ካለ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ለፓርላማ እወዳደራለሁ ብሎ አሳውቆ ኋላ ተወው።

በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ሉቻኖ አስመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። ኢትዮጵያ ከኋላ ተነስታ ሁለተኛዋን አቻ ያደረገችው በእሱ ጎል ነው። ሦስተኛዋን ወንድሙ ኢታሎ፣ አራተኛዋን መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ነው። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሮም ውስጥ አረፈ።