አካቶ ትምህርት ምንድን ነው? ከፊደል ገበታው ፊት ሲታይ

አካቶ ትምህርት ማለት የአንድ አካባቢ ልጆች ሁሉ፣ ዓይነ ስውሩም፣ መስማት የተሳነውም፣ ትምህርት ቶሎ የማይገባውም፣ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ በቤቱ የማይሰማውም፣ በአንድ ክፍል አብረው የሚማሩበት፣ ትምህርቱም ከመነሻው እነርሱን ታሳቢ አድርጎ የሚዘጋጅበት አሠራር ነው። ሐሳቡ በዓለም ዙሪያ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔኗ ሳላማንካ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው ባጸደቁት መግለጫ ነው። ከትርጉሙ ውስጥ የመጀመሪያው ግማሽ፣ ማለትም ልጆቹን አንድ ክፍል ማስገባቱ፣ በተማሪ መዝገብና ለተሽከርካሪ ወንበር በተሠራ መወጣጫ ሊታይ ይችላል። (መወጣጫው ትንሽ ነገር ነው ማለት አይደለም፤ እርሱ ሳይኖር ከበር የሚመለስ ልጅ አለ።) ሁለተኛው ግማሽ ግን የሚታየው በማስተማሩ ሥራ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሁሉም በፊት በሚመጣው ትምህርት፣ በፊደል ትምህርት፣ ብንመለከተው ይሻላል።

አንደኛ ክፍል ሲገባ የተለመደው አሠራር መምህሩ በዘንግ እያመለከተ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ገበታውን መውረዱ ነው። ይህ አሠራር የደካማውን ልጅ ድክመት በደንብ ይሸፍንለታል። ዜማውን በቃሉ የያዘ ልጅ ከ33ቱ የፊደል ዘሮች አንዱንም ሳያውቅ 231ዱን ሆሄያት ሊወርዳቸው ይችላል፤ ከመካከል «ሚ»ን ብቻ ነጥለው ቢያሳዩት ግን ከ«መ» ጀምሮ ካልቆጠረ አይነግርዎትም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አለመቻላቸው የታየው ልጆቹ ለየብቻ ስለተደመጡ ነው። የቤተ ክህነት መምህራን ይህን ችግር ከጥንት ያውቁት ነበር፤ ከፊደል ቆጠራው ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያለ የዘሩን ቅደም ተከተል በማፈራረስና እያንዳንዱን ድምፅ በሌላ ዘር ላይ በማምጣት፣ ተማሪው ከዜማው ይልቅ ሆሄውን እንዲያይ ስለሚያስገድደው ነው።

አካቶ የሆነ የፊደል ትምህርት በመጀመሪያ የሚያደርገው ሆሄውን በውስጡ ወዳሉት ሁለት ድምፆች መበተን ነው። «ቡ» አንድ ሆሄ ቢሆንም ተናባቢው («ብ») እና አናባቢው («ኡ») አብረው የተጻፉበት ነው፤ ልጆች ግን ይህን በራሳቸው አይደርሱበትም። መምህሩ «ቡና፣ ሙዝ፣ ሱሪ» ብሎ የሦስቱ ቃላት መነሻ ድምፆች በምን እንደሚመሳሰሉ ሲጠይቅና ከዚያ በ«ቡ»፣ በ«ሙ» እና በ«ሱ» ጎን ላይ ያለችውን ጭረት ሲያሳይ፣ ገበታው የሚሸመደድ ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ ሥርዓቱ ይገለጣል። ይህ አቀራረብ ለሁሉም ልጆች ይበጃል፤ ለሁለት ዓይነት ተማሪዎች ግን በተለይ ይስማማል። የአማርኛ ብሬል ተናባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ፣ ዓይነ ስውሩ ልጅ በጣቱ የሚዳስሰው የተበተነውን ድምፅ ነው። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደልም የእጁ ቅርፅ ተናባቢውን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ አናባቢውን ያመለክታል። ስለዚህ መምህሩ ለመላው ክፍል በዚህ መንገድ ሲያስተምር ለእነዚህ ልጆች ሌላ ትምህርት ማዘጋጀት ሳያስፈልገው የእነርሱንም መንገድ እያስተማረ ነው፤ በእኔ እምነት የአካቶ ትምህርት ፍሬ ነገር ከዚህ ይበልጥ በግልጽ የሚታይበት ቦታ የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትኩረት የሚፈልግ ዝርዝር ሥራ ነው። «ባ» እና «ቦ» የሚለያዩት በየትኛው እግር ማጠር ብቻ ነው፤ «ባ» ግራ እግሩ፣ «ቦ» ቀኝ እግሩ ያጥራል። ግራና ቀኙን ገና ያልለየ ልጅ፣ ወይም የንባብ እክል ያለበት ልጅ፣ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ቀን ቢማራቸው ይደባለቁበታል፤ አንዱ በሚገባ ከተያዘ በኋላ ሌላውን ማምጣትና ሆሄውን በአሸዋ ላይ በጣት ማስጻፍ ወይም በጭቃ ማሠራት ይረዳዋል። በለስላሳ ቆርኪ ላይ ሆሄ ጽፎ ቃል ማስገጣጠምም ወጪ የሌለው መሣሪያ ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ እየጻፈ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ከተናገረ በከፊል የሚሰማው ልጅ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ያጣል፤ የጻፈውን ጮክ ብሎ ካላነበበው ደግሞ የማየት ችግር ያለበት ልጅ ይቀርበታል።

በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ የሚገጥመው ችግር ከዚህ ይለያል። በአሜሪካ ተወልዶ ቅዳሜ ወይም እሑድ አማርኛ የሚማር ልጅ «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጠ»ን ከ«ተ» በጆሮው ላይለይ ይችላል፤ ያልለየውን ድምፅ በሆሄ እንዲለየው መጠየቅ ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ነው። አስቀድሞ «ቀበረ» እና «ከበረ»፣ «ጠራ» እና «ተራ» እያሉ በጨዋታ ማሰማት ይቀድማል። ሌላው እንቅፋት ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አለመለየቱ ነው፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው ይሁን የሚታወቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ቋንቋው አፍ መፍቻው ለሆነ ልጅ ይህ ችግር አይደለም፤ ለሌላው ግን ነውና ቃላትን ነጥሎ በዝርዝር ማስነበብ እርሱን ይጎዳዋል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ክፍል ውስጥ ተረቱን አስቀድሞ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያ ልጆቹ በራሳቸው አንደበት እንዲያወሩት ማድረግ፣ ከተረቱ ውስጥ ያሉትን ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች በመጨረሻ ማስነበብ የተሻለ ነው።

ምዘናውም እንደ ማስተማሩ ከአንድ በላይ መንገድ ሊኖረው ይገባል። መምህሩ በየቀኑ ሦስት ወይም አራት ልጆችን ለአንድ አንድ ደቂቃ ለብቻቸው ቢያዳምጥ፣ 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል በሦስትና በአራት ሳምንት ያዳርሰዋል። ለመናገር የሚቸገር ልጅ «ሚ የትኛው ነው?» ተብሎ በጣቱ ያሳያል፣ እጁ የማይታዘዝለት በቃሉ ይናገራል፣ ዓይነ ስውሩ በብሬል ያነባል፤ የሚለካው ሆሄውን ማወቃቸው ስለሆነ ውጤቱ እኩል ይያዝላቸዋል።