ብልጭ ድርግም የሚል የፒካፕ መብራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት በሂሉክሴ ከደሴ ስመለስ ጣርማ በር ላይ መሸብኝ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። መኪናዋ ጉድጓድ በነካች ቁጥር የፊት መብራቱ ፍዝዝ ይልና ተመልሶ ቦግ ይላል። ከፊቴ ያለው አስፋልት ይሁን ገደል መለየት አቃተኝ። በማግስቱ ምክር ስጠይቅ የማይናገር ሰው አልነበረም፤ የተነገረኝ ግን አብዛኛው ስህተት ነበር። ነገሩ ነፍስ የሚነካ ስለሆነ አንድ በአንድ ላንሳው።

«ባትሪው ደክሟል፣ ቀይረው።» መጀመሪያ የሰማሁት ይህን ነው። ባትሪው መብራቱን ብቻውን የሚሸከመው ሞተር ሲጠፋ ነው። ሞተር ከተነሳ በኋላ ሥራው በሞተሩ ኃይል እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የዲናሞው ነው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ መለየቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተር ጠፍቶ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ተነስቶ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ሞተር እየሠራ ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞውንና ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እዩ። የእኔ 14.1 አነበበ። አዲስ ባትሪ ብገዛ ኖሮ ገንዘቤን ውሃ በላው ማለት ነው።

«አምፖል ነው» የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም መብራቶች እኩል ከፈዘዙ አምፖል የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ሁለት አምፖል በአንድ ጊዜ አብሮ አይታመምም። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ከጀርባው ያለውን ሶኬት ንቀሉት። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ ወይም አንዱ እግር ከጠቆረ፣ አምፖል ብትቀይሩም ችግሩ ይመለሳል። መቀየር ያለበት ሶኬቱ ነው።

ብዙ ሰው የሚንቀው ማሳን፣ ማለትም የኔጌቲቩን መመለሻ ገመድ ነው። «ማሳ ቦዲ ላይ የታሰረ ሽቦ ነው፣ ምን ይሆናል?» ይባላል። ብዙ ይሆናል። ወደ መብራቱ የሄደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ተመልሶ ወደ ባትሪው የሚገባው በዚያ በኩል ነው። እንዲያውም ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች የፊት መብራቱን የሚያበሩትና የሚያጠፉት በፖዘቲቩ ሳይሆን በማሳው በኩል ነው። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲ የሚሄደውን ገመድ ተከተልኩ። ብሎኑ ሥር ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ገመዱን በእጄ ስወዘውዘው መብራቱ አብሮ ተወዛወዘ። ጉድጓድ ሲነካ የሚፈዘው ለዚህ ነበር።

ልኬቱም ቀላል ነው። መብራቱን አብሩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የቦዲ ብረት ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ መገናኛው ታሟል። የእኔ 1.3 ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሃሎጅን አምፖል ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ ወደ 30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቴስተር ከሌለ የባትሪ ማስነሻ ገመድ ውሰዱና ከኔጌቲቩ ወደ ባዶ የቦዲ ብረት አገናኙ። መብራቱ ከረጋ ጥፋተኛው ማሳው ነው። ቁልፍ 10 እና ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ጨረሱልኝ። ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፈገፈግኩት፣ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፣ ላዩን ግሪስ ቀባሁት።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ሞተሩን አስነሳና የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው።» እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ገመዱ ሲነቀል ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል ማረፊያ ያጣል። ቮልቴጁ ለአፍታ እስከ 100 ሊዘል ይችላል። የመኪናውን ኮምፒውተር፣ ሬዲዮውን፣ የዲናሞውን ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክፍሎች) ራሱ ሊያቃጥል ይችላል። መልሱም አይታመንም፤ ዳዮዱ የተበላሸ ዲናሞም ሞተሩን ሳያጠፋ ሊቆይ ይችላል። የዳዮድ ችግር በሌላ ነገር ይታወቃል። መብራቱ ፈጠን ፈጠን እያለ ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ስትረግጡም ፍጥነቱ ይቀያየራል። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ላይ አድርጋችሁ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ0.5 በላይ ካሳየ ዲናሞውን ለኤሌትሪሺያን አሳዩት።

«100 ዋት አምፖል አስገባበት፣ ይደምቃል» ለሚለው ሒሳቡን እንይ። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። ሁለት ባለ 100 ግን ወደ 17 ይጠጋሉ። ሽቦው፣ ሶኬቱና ማብሪያው ለዚያ አልተሠሩም፤ ይግላሉ፣ ይቀልጣሉ፣ መብራቱም ይብስበታል። ኤልኢዲ ቢሆንም የላላ ማሳን አይፈውስም።

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ከፍ ያለ ማስገባት ወይም በሽቦ ማገናኘትስ? እሳት መጥራት ነው፤ የሚነካካውን ሽቦ ፈልጉ።

ሁሉም መፍዘዝ ግን በሽታ አይደለም። ነዳጅ ሳትረግጡ ሚኒሞ ላይ ቆማችሁ ኤሲው (ማቀዝቀዣው) ሲነሳ መብራቱ ለቅጽበት ትንሽ ዝቅ ካለ ያለ ነገር ነው። ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ወይም ቺንጋው አብሮ ከጮኸ፣ መጀመሪያ ቺንጋውን አስጠብቁ። ኤሌትሪሺያን ጋ ስትሄዱም «መብራቱ ያስቸግረኛል» ብቻ አትበሉ። መቼ እንደሚያደርገው ንገሩት፦ ጉድጓድ ላይ፣ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ወይስ ረጅም መብራት ሲበራ ብቻ። ረጅሙ ላይ ብቻ ከሆነ ፍለጋውን ከመሪው ሥር ካለው ማብሪያ ይጀምራል።