በላስ ቬጋስ የካዚኖ ሆቴል ክፍል ስለ መምረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ በመሆኗ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወይም ለሠርግ የሚሄዱ ወላጆች አንዳንድ ጊዜ የሚያርፉት ስትሪፕ በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ካሉት ግዙፍ የካዚኖ ሆቴሎች በአንዱ ነው። የልጅ ቤት ሲጠብ ወይም ቤተ ዘመዱ ከየአገሩ ሲሰባሰብ አልጋ የሚያዘው እዚያ ነው። ክፍሉን የሚመርጠው ግን ብዙውን ጊዜ ልጅ ሲሆን የሚያድሩበት እናትና አባት ናቸው። ቪዛው ከተገኘ ማግስት በደሴ ሰፈሮች፣ በፒያሳም ሆነ በቧንቧ ውኃ፣ በየቤቱ የሚሰጠው ምክር ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ከፊሉ የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም የሚነገረው ስለ ክፍሉ ስም እንጂ በክፍሉ ስለሚያድረው ሰው አይደለም።

«በካዚኖ ሆቴል ማረፍ ቁማር ቤት መግባት ነው።»

ይህን የሚሉት ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ናቸው፤ ሥጋታቸውም በአክብሮት ሊታይ ይገባል። እንግዳ እንዲቆምር የሚያስገድደው ማንም የለም፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዲያውም መቆመር በሕግ የተከለከለ ነው። ሆኖም «ምንም አታዩም» ብሎ ወላጅን ማጽናናትም ትክክል አይደለም። በአብዛኞቹ ሆቴሎች ከእንግዳ መቀበያው ወደ ሊፍት የሚወስደው መንገድ በቁማር አዳራሹ ውስጥ ወይም በዳሩ የሚያልፍ በመሆኑ፣ አባት ለሶላት ወይም ለጸሎት ወደ ክፍላቸው በተመለሱ ቁጥር የማሽኑን ድምፅ መስማታቸው፣ የሲጋራውንም ጭስ መሳባቸው አይቀርም። መፍትሔው አለ፤ ብዙ ቤተሰብ ግን አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ቪዳራ በስትሪፕ አካባቢ የሚገኝ፣ ካዚኖ የሌለውና ሲጋራ የማይጨስበት ትልቅ ሆቴል ነው። ፎር ሲዝንስ የተባለው ሆቴልም በማንዳላይ ቤይ የካዚኖ ሆቴል ሕንፃ ውስጥ ከ35ኛ እስከ 39ኛ ፎቅ ያለውን ይዞ የራሱ መግቢያ ስላለው፣ እንግዳው አዳራሹን ሳይረግጥ ወደ ክፍሉ ይደርሳል። ፎር ሲዝንስ ዋጋው ከበድ ይላል። ነገር ግን የወላጅ የኅሊና ዕረፍት በጉዳዩ ውስጥ ካለ፣ ከክፍል ዓይነት በፊት ሊመረጥ የሚገባው ሆቴሉ ራሱ ነው።

«ስዊት ከተያዘ መኝታውና ሳሎኑ ለየብቻ ነው።»

ስዊት የሚባለው ከአልጋው ሌላ መቀመጫ ያለው ሰፊ ክፍል ነው፤ ለየብቻ መሆናቸው ግን አንዳንዴ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው ቬኔሺያን ሆቴል ክፍሎቹ በሙሉ ስዊት በመባላቸው የታወቀ ሲሆን፣ መደበኛው ክፍል 60 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ስፋቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ መቀመጫው ከአልጋው ጥቂት ደረጃ ዝቅ ብሎ በዚያው ክፍል ውስጥ የሚገኝ እንጂ በግድግዳና በበር የተለየ ሳሎን አይደለም። እናት ከልጃቸው ባል ጋር በአንድ እንዲህ ያለ ክፍል ቢያድሩ የሚሰማቸውን መሳቀቅ ወሎ ያደገ ሁሉ ይረዳዋል፤ ሌሊቱን ልብሳቸውን ሳያወልቁ ሊያነጉ ይችላሉ። በር ያለው መኝታ የሚፈለግ ከሆነ በክፍሉ መግለጫ ላይ «ዋን ቤድሩም» (ባለ አንድ መኝታ ቤት) የሚል መጻፉን ማረጋገጥ ይገባል። ከዚያ የሚሻለው፣ አንዳንዴም ዋጋው የሚቀንሰው፣ በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት መደበኛ ክፍሎችን መያዝ ነው። እዚህ ላይ ጎን ለጎን መሆንና በውስጥ በር መገናኘት የተለያዩ ስለሆኑ፣ ጥያቄው በትክክል ቀርቦ ሆቴሉ በጽሑፍ ካላረጋገጠው በስተቀር እንደ ምኞት እንጂ እንደ ውል አይቆጠርም።

«ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ቤተሰቡን በሙሉ ያስተኛል።»

በአሜሪካ ሆቴሎች መደበኛው ክፍል ወይ አንድ ኪንግ አልጋ ወይ ሁለት ኩዊን አልጋ አለው። ኪንጉ 193 ሴንቲ ሜትር፣ ኩዊኑ 152 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ አላቸው። ሁለት ኩዊን ያለው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አይፈቀድበትም፤ ለእሳት አደጋ ደኅንነት ሲባል ተጨማሪ አልጋ ማስገባትም በብዙ ሆቴሎች ክልክል ነው። ለሦስተኛና ለአራተኛ አዋቂ ተጨማሪ የሚያስከፍሉም አሉ። በአገራችን እንግዳ ሲበዛ ፍራሽ ወለል ላይ እንደሚነጠፈው ማድረግ አይቻልም። የአልጋው ዓይነትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሆቴሉ «እንሞክራለን» ብሎ የሚቀበለው ጥያቄ ስለሆነ፣ በዕለቱ ቀደም ብሎ መድረስና በትሕትና ማስታወስ ይረዳል።

«መጀመሪያ የታየው ዋጋ መጨረሻ የሚከፈለው ነው።»

ለረጅም ጊዜ ይህ ፈጽሞ ውሸት ነበር። ሆቴሎቹ ከክፍሉ ኪራይ ሌላ «ሪዞርት ፊ» የሚሉትን የግዴታ የቀን ክፍያ፣ በስትሪፕ ላይ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 55 ዶላር የሚደርሰውን፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይጨምሩት ነበር። ከእ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ግን የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የግዴታ ክፍያዎች ከመነሻው በዋጋው ውስጥ ተካተው እንዲታዩ ያስገድዳል። ግብሩ፣ ማለትም 13 በመቶ ገደማ የሚሆነው፣ አሁንም ለብቻው ሊመጣ ይችላል፤ የመኪና ማቆሚያም በብዙዎቹ ሆቴሎች ይከፈልበታል። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉት ሌሊቶች ከዓርብና ከቅዳሜ ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ ወር የሚካሄደው ታላቁ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ሲመጣ ግን የሥራ ቀኑም ይወደዳል።

«ልጁ ከከፈለ ወላጅ ፓስፖርት አሳይቶ መግባት ብቻ ነው የሚቀረው።»

ብዙ ወላጅ በእንግዳ መቀበያው ፊት ቆሞ የሚቸገረው በዚህ ነው። ሆቴሉ ክፍሉ ቢከፈልም እንኳ ለተጨማሪ ወጪ ዋስትና የሚሆን ገንዘብ በካርድ ላይ ይይዛል፤ ካርዱም በሚገባው እንግዳ ስም እንዲሆን ይጠይቃል። ልጁ ሌላ ከተማ ካለ ሆቴሉ የሚሰጠውን የክፍያ ፈቃድ ቅጽ አስቀድሞ ሞልቶ መላክ አለበት። ቅጹ በዕለቱ ሳይሆን ከቀናት በፊት መላክ ይኖርበታል።

«ከፍ ያለ ፎቅ አደገኛ ነው፤ ዝቅ ያለ ይያዝላቸው።»

በደሴው ጦሳ ተራራ ሥር ያደጉ ሰዎች ከፍታን ይፈራሉ ለማለት ይቸግራል፤ የሚፈራው እሳት ነው፤ ሥጋቱም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1980 በያኔው የላስ ቬጋስ ኤም ጂ ኤም ግራንድ ሆቴል በተነሣው ቃጠሎ 85 ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹን የገደላቸው ወደ ላይኞቹ ፎቆች የወጣው ጭስ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የኔቫዳ ግዛት በረጃጅም ሕንፃዎች ሁሉ እሳት ሲነሣ በራሱ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ እንዲተከል በሕግ አስገድዷል። ዛሬ ያለው ኤም ጂ ኤም ግራንድም እ.ኤ.አ. በ1993 በሌላ ቦታ የተከፈተ ሌላ ሕንፃ ነው። ለአረጋውያን ከፎቁ ቁጥር ይልቅ የሚከብደው እርምጃው ነው። በዚህ ሆቴል ዋና ሕንፃ ብቻ ከ5,000 በላይ ክፍሎች ስላሉ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የተሰጠ ክፍል ጉልበት ለሚያምማቸው እናት በየቀኑ ሸክም ይሆናል። የሚጠየቀው «ለሊፍት የቀረበ» ተብሎ ነው።

«የማይጨስበት ክፍል የሚከለክለው ሲጋራ ብቻ ነው።»

የእኛን ቤተሰብ በተለይ የሚነካው ይህ ነው። ዕጣን ማጨስም እንደ ሲጋራ ተቆጥሮ በመቶዎች ዶላር የሚገመት የጽዳት ቅጣት ያስከትላል፤ ከሰል ለኩሶ ቡና ማፍላትማ የጭስ መጠቆሚያውን ያስጮኸዋል። አቦሉም በረካውም በልጅ ቤት ቢሆን ይሻላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው በክፍሉ ያለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ ጉዳይ ነው። በብዙዎቹ ሆቴሎች ውስጧ የተደረደረው መጠጥ ከቦታው ሲነሣ የሚመዘግብ መሣሪያ ስላለ፣ ለኢንሱሊን ቦታ ለመልቀቅ ጠርሙስ ያነሡ ወላጅ ያልጠጡት መጠጥ ሒሳብ ሊመጣባቸው ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ክፍሉ ሲያዝ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ እንዲገባለት አስቀድሞ ቢያስጠይቅ ሆቴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያቀርባሉ።